ከጎሬ የተመለሱት እትዬ

ይህን የምነግራችሁ ተረት መስሏችሁ እንዳታልፉት። በጓደኛዬ በትህትና ላይ የደረሰ ነው። መኪናውን የነዳው ሮብሳንም እስከ ዛሬ መቱ አለ፤ ስለዚያ ቀን ከጠየቃችሁት ግን ወሬ ይቀይራል።

ሌሊት አልነበረም። ታኅሣሥ፣ የገና ጾም ሰሞን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ጎሬ ውስጥ ነው።

ትህትና አዲስ አበባ ባንክ ነው የምትሠራው። ዕረፍት ወጥታ፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓትን አክስቷን እትዬ ሀረገወይንን ልትጠይቅ መቱ መጣች።

ልትጠይቅ አልኩ እንጂ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ የመጣችው ልትዞር ነው። ሶር ፏፏቴን አየች። የያዮን ጫካ አየች። እትዬ ቤት ተቀምጠው በር በሩን ሲያዩ ይመሻል።

አንድ ቀን ሕሊናዋ ቆጠቆጣት።

"እትዬ፣ ዛሬ አብረን ነን። ጎሬ ሄደን የድሮ ቤቶቹን እንይ።"

እትዬ ጎሬ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ደስታቸውን የሚይዙበት አጡ። ጉልበታቸው ግን እንደልብ አይደለም፤ በምርኩዝም ቢሆን ሲነሱ ያቃስታሉ።

ጎረቤታቸው ሮብሳን በቪትዝ መኪናው ወሰዳቸው። አዳዳ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ መንገዱን ሙሉ እትዬና እሱ በኦሮምኛ ይቀላለዳሉ፤ ትህትና ስልኳ ላይ ናት።

ከተማው ጫፍ ላይ የአንድ ነጋዴ የነበረ የድንጋይ ቤት አለ። ጣሪያው ወድቋል፣ በመስኮቶቹ ሐረግ ገብቷል። ውስጡ ደረጃ ስለሆነ ትህትና እትዬን ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው።

እትዬ እጇን ያዟት።

"ስሚኝ ሚጡ። ይሄ ኦና ነው። ኦና ደጃፍ ያስቀመጥሽውን ሰው ከሩቅ ተጣርተሽ አታስነሺውም። መጥተሽ፣ እጁን ይዘሽ ነው የምታነሺው። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።"

"እሺ እትዬ።"

"ለአፍሽ አይደለም። ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ አልኩ እኮ።"

ፎቶ ስታነሳ ቆየች። በጓሮ በኩል ስትወጣ ጉሙ ወርዷል። ሮብሳን መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል።

"ቶሎ በይ፣ መንገዱ ሊጠፋብኝ ነው።"

ወደ ደጃፉ ለመመለስ ጭቃውን መዞር አለባት። አዲሱን ነጭ ጫማዋን አየች...

ከመኪናው አጠገብ ሆና ተጣራች።

"እትዬ፣ ይምጡ እንሂድ!"



ድጋሚ ተጣራች።

ከጉሙ ውስጥ ነጠላ ታየ። እትዬ መጡ። ፈጠን... ፈጠን እያሉ።

"ምርኩዝዎስ?"

"ምን ያደርግልኛል?"

ሳያቃስቱ ገቡ።

ትህትና እፎይ አለች፤ ጫማዋ አልቆሸሸም።

መንገድ ላይ ሮብሳን በኦሮምኛ ቀለደ። እትዬ ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱለትም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ፣ ሁልጊዜ ከወገባቸው ዝቅ ብለው የሚሳለሙት ሴት፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ።

ሮብሳን በመስታወቱ ትህትናን አያት። እሷ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ቤት ሲደርሱ ከጉሙ የወጣችው ሴትዮ ወተት ጠየቀች።

"ጾም ነው እኮ እትዬ።"

"አንድ ቀን ምን አለበት፣ ትህትና?"

ትህትና ክው አለች። እትዬ በሕይወታቸው በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ሁሌም ሚጡ ናት።

ሊመሻሽ ሲል ስልኳ ጠራ።

"እትዬ" ይላል።

ሴትዮዋ ጓዳ ናት። ስታንጎራጉር ይሰማል።

"ሄሎ..."

"ሚጡ። በረደኝ።"

"የት... የት ነዎት?"

"ያስቀመጥሽኝ ቦታ ነዋ። አትመጪም እንዴ?"

ተቋረጠ። መልሳ ስትደውል አይሠራም።

ሮብሳንን እየጎተተች ጎሬ ተመለሰች። አሁን ጭቃው ውስጥ በሩጫ ገባች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰው የለም። ድንጋዩን ዳሰሰችው...

ሞቅ ይላል።

"እትዬ፣ መጥቻለሁ" አለች። እጇን ዘረጋች። ማንም አልያዘውም።

"እንሂድ" አለ ሮብሳን በሹክሹክታ።

"እትዬ እዚህ ናቸው። አልተነሱም።"

"አዳዳ ቤት አሉ። እኔ ያመጣኋቸው እሳቸውን ነው። ሌላ ነገር አታናግሪኝ።"

ለማን ትናገር? ለፖሊስ? አክስቴ ጠፉ ብትል፣ አክስቷ የተባለችው ሰፈር ውስጥ ሽር ጉድ ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ጉልበታቸው ዳነ፣ አገራቸውን ማየታቸው ነው የፈወሳቸው እያለ ትህትናን ይመርቃል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋት። አሜን ማለት ግን አልተወችም።

በየቀኑ ጎሬ ትመላለሳለች። ከድንጋዩ ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ትለምናለች። ማታ ስልኩ ይጠራል።

"ሚጡ፣ አትመጪም?"

"መጥቼ ነበር እኮ እትዬ። አላገኘሁዎትም።"

"ትናንትም መጣሁ አልሽኝ።"

ድምፁ በየቀኑ እየራቀ መጣ። ትህትና እንቅልፍ አጣች፣ ከሳች። ሴትዮዋ ደግሞ ትንከባከባታለች፤ ብርድ ልብስ ትደርብላታለች፣ እግሯን ታጥባታለች። እጇ ለስላሳ ነው። እውነተኛዋ እትዬ እንኳ እንዲህ ተንከባክበውኝ አያውቁም ብላ አሰበች... አስባም በራሷ አፈረች።

ዕረፍቷ ሊያልቅ ሲል፣ ማታ ሴትዮዋ እራት እያቀረበች ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ነገ ጎሬ አትሂጂ።"

"ለምን?"

"ቦታውን ለምዳዋለች።"

"ማን?"

"ታውቂያለሽ።"

ትህትና አፏን ከፈተች። መጮህ ነበረባት፣ ተነስታ መሄድ ነበረባት። እውነቱን ስታጫውተኝ ግን ምን አለችኝ መሰላችሁ... ደስ አላት። አንድ ሰው አትሂጂ እንዲላት ስትጠብቅ ነበር።

ስልኩ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላቸው። "እትዬ"።

ትህትና አየችው። እጇን አላነሳችም።

ጠራ... ጠራ...

ሴትዮዋ እጇን በነጠላዋ ጠረግ አደረገችና አነሳችው። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ወዲያ በኩል የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ለትህትናም ይሰማታል።

ሴትዮዋ በእትዬ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለች።

"አይዞሽ። እኔ አለሁላት።"

ዘጋችው። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና እንጀራውን ወደ ትህትና ጠጋ አደረገችላት።

ትህትና በላች።