አርባ ላይ ቆሟል

ቀረብ በሉ እስቲ ልጆቼ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ። ቦርሳችሁንም አስቀምጡ፤ አላቆያችሁም። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ድልድይ ላይ ናት፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ትምህርት ቤት ሊደወል ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ከእሷ እንጀምር።

«አርባ ላይ ቆሟል፣ አባዬ።»

«ጎበዝ! በይ ሂጂ እንዳታረፍጂ» ብሎ አባቷ ዘጋው።

አባቷ ከላይ ግድቡ ላይ ነው የሚሠራው። የብረቱን መዘውር ወዲህ ሲያዞር ውሃው ወደ ታች ይለቀቃል፣ ወዲያ ሲያዞር ይያዛል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ «በረኛው» ይለዋል። የክፍሏ ልጆች ደግሞ «ትናንት ስንት ገባበት?» እያሉ ሲያበሽቋት ይውላሉ። እሷ ግን በልቧ ትኮራበታለች።

ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ይኖራል። ቀዝቃዛና የሚሮጥ ውሃ ካላገኘ አይሆንለትም። ስለዚህ ደንብ ወጥቷል፤ ግድቡ የፈለገውን ያህል ውሃ ቢይዝ፣ ወንዙ ውስጥ በተተከለው የመለኪያ ዘንግ ላይ ውሃው ከአርባ ሴንቲሜትር በታች እንዳይወርድ። በየማለዳው ዘንጉን አይታ የምትደውለው ልጅቷ ናት። የቤት ሥራ ድርሻዋ ናት ይህች፤ ወንድሟ ዕቃ ያጥባል፣ እሷ ወንዝ ታነባለች።

«ዛሬም አርባ?» አለች አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ። አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት። «ይሄ ወንዝ እንደ ሒሳብ አስተማሪያችን ሸሚዝ ነው በቃ፣ አይቀየርም!»

ሁለቱም ሳቁ። ይህኔ ነው ከመታጠፊያው በኩል አንድ ሽማግሌ ባልዲ አንጠልጥለው ብቅ ያሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ስብሰባ ላይ «ወንዙ ታሟል፣ ዓሣው እያለቀ ነው» ብለው ተነስተው ነበር። የልጅቷ አባት ያን ጊዜ ቁጥሩን የሚመዘግብበትን ደብተር ከፍ አድርጎ አሳየ። «ልጄ በየቀኑ ታየዋለች፣ አርባ ነው። ልጄ ደግሞ አትዋሽም» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌውም ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

አሁን ባልዲውን ገንዳው ውስጥ፣ ማለትም ከድልድዩ ሥር ባለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ፣ ቀስ ብለው ገለበጡት። ከባልዲው ሁለት ዓሣ ተንሸራቶ ወጣ። ከዚያም ባዶውን ይዘው ወደ መታጠፊያው ተመለሱ።

«ዓሣ ወንዝ ውስጥ የሚጨምር አጥማጅ!» አለች ሬዲዮ። «ነካ አድርጓቸዋል መሰለኝ።»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪው የተናገረው አንዱም አልገባትም።

ከትምህርት በኋላ ሬዲዮን አስከትላ መታጠፊያውን አልፋ ወረደች። ከድልድዩ ላይ የማይታይ ቦታ ነው። እዚያ ስትደርስ ወንዙ የለም። ድንጋዩ አመድ መስሏል፤ አረንጓዴው የድንጋይ ሽበት ደርቆ እንደ አሮጌ ቀለም ተቀርፏል። እዚህም እዚያም ውሃ ያቆሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። ሽማግሌው ካንዱ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዓሣ ያወጣሉ።

«ጠጠሩን እንዳትረግጡት ልጆች» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንቁላል አለበት።»

«የምን እንቁላል?»

«የትራውት ነዋ። ጠጠር ውስጥ ነው የምትቀብረው። ውሃ በላዩ ሲያልፍበት ይተነፍሳል። አሁን ከሥሩ ትንሽ እርጥበት አለ፤ የነገን ፀሐይ ግን አይችልም።»

«ግን እኮ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ «አርባ ነው። ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አርባ ነው፤ አልዋሸሽም። ነይ ላሳይሽ።»

ወደ ድልድዩ ተመልሰው ገንዳው ዳር ቆሙ። ሽማግሌው ደረቅ ቅጠል አንስተው ከዘንጉ አጠገብ ጣሉ። ቅጠሉ ውሃው ላይ ተቀመጠ። ጠበቁ። ቅጠሉ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

«ሳፋ ሞልተሽ ቧንቧውን ብትዘጊው፣ ሳፋው ይጎድላል?»

«አይጎድልም።»

«ይኸውልሽ። ከፊት ያለው ድንጋይ እንደ ሳፋ አፍ ገድቦታል። ውሃው ቆሟል የኔ ልጅ።»

ቆሟል። የራሷ ቃል ነው። ስንት ማለዳ ተናገረችው! አርባ ላይ ቆሟል ባለች ቁጥር አባቷ ገና ብዙ ውሃ አለ ብሎ መዘውሩን ጥቂት ያጠብቃል። ዝናቡ አንሶ ስለነበር ግድቡ ውሃ እንዲቆጥብ ታዟል። ሠላሳ ዘጠኝ ብትለው ያቆም ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ሠላሳ ዘጠኝ አላለችም።

ዘንጉ ደግሞ ድሮ እዚህ አልነበረም። ውሃው ከሚሮጥበት፣ ከመታጠፊያው በታች ነበር የተተከለው። ባለፈው ክረምት ልታነብ ስትጠጋ አንሸራቷት ወደቀች፣ ጉልበቷ ተሰነጠቀ፤ አባቷ አቅፏት እየሮጠ ነው ቤት የገባው። በማግስቱ ዘንጉን ነቅሎ ድልድዩ ሥር፣ ረጋ ያለ ቦታ ተከለው። «ልጄን የሚወስድብኝ ቁጥር ይቅርብኝ» አለ። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገረም። ያን ቀን ወንዙ ሙሉ ስለነበር እዚያም እዚህም ቁጥሩ አንድ ነበር፤ ምን ልዩነት አለው ብሎ።

ሬዲዮ ክንዷን ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት። «ስሚ፣ ነገ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ግድቡን ልታይ ትመጣለች አላልሽም? ዘንጉን ያለፈቃድ ያዛወረው አባትሽ ነው። ልታስበይው ነው? ነገ እንደ ወትሮሽ አርባ በይና እሷ ስትሄድ ለብቻው ትነግሪዋለሽ። አንድ ቀን ነው፣ አታካብጂው።»

ልጅቷ ሽማግሌውን አየቻቸው። እሳቸው ግን ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ጠጠሩ ወረዱ።

ማታ አባቷ ሸሚዙን እየተኮሰ ያፏጫል። «መሐንዲሷ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ከአርባ ሳያወርድ እንዲህ ውሃ የቆጠበ ሰው አላየሁም አለች። ጠጋ ብላ ልትማር ነው የምትመጣው! የኔ ሥራ ብቻ ነው እንዴ፣ ያንቺም ነው።»

«አባዬ፣ ዘንጉ...»

«ዘንጉ ምን ሆነ?» ቀና ሲል ዓይኑ ጉልበቷ ላይ ያለው ጠባሳ ላይ አረፈ። ሁሌም እዚያ ነው የሚያርፈው።

«ምንም። ቀለሙ ለቋል።»

«እሱ ቀላል ነው፤ እቀባዋለሁ» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ማለዳ ድልድዩ ላይ አልቆመችም። በጎኑ ወርዳ መታጠፊያውን አለፈች። ሽማግሌው ቀድመዋታል። ከኋላዋ ኮቴ ሰምታ ስትዞር ሬዲዮ ናት፤ ከቤቷ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ መጥታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ልጅቷ ደወለች።

«ደረስሽልኝ?» አለ አባቷ፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። «መሐንዲሷ አጠገቤ ናቸው፣ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጌዋለሁ። በይ ንገሪያቸው።»

ፀሐይዋ ከወዲያ ማዶ ካለው ጠጠር ጫፍ ደርሳለች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆሟል።»

«ስንት ላይ?»

«ቁጥር ላይ አይደለም አባዬ። ውሃው ቆሟል። አይሄድም።»

ከጀርባ የሴት ድምፅ «ምን ማለቷ ነው?» ሲል ተሰማ።

«የት ጋ ነሽ አንቺ?» አለ አባቷ።

«ያኔ የወደቅኩበት ጋ።»

ያን ቦታ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ትንፋሹ በስልኩ ይሰማታል፣ ረጅም ነው።

«እዚያ... ምን ያህል ይደርሳል?»

«ጫማዬን እንኳ አላራሰውም፣ አባዬ።»

ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ አባቷ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሌላ ሰው፣ በዝግታ ተናገረ። «መሐንዲስ፣ ዘንጉን ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የለችበትም።» ሴትየዋ ምን እንዳለች አልተሰማም። የብረቱ ደረጃ በኮቴ ተንኳኳ፤ ቀጥሎም መዘውሩ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲዞር የሚያሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ።

«ልጄ» አለ፣ እያለከለከ፣ «ከጠጠሩ ላይ ውጡ። ሁላችሁም ዳር ሁኑ። ውሃ ልልክ ነው።»

የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ። ሦስቱም ዳር ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ማናቸውም አልተነሱም። ልጅቷ ዳር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ፈታች፤ ዘንጉ ወደ ድሮ ቦታው ሲመለስ፣ ጠጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል።

የኔ ነገር ይኸው ነው፤ ተነሱ እንግዲህ፣ ይመሽባችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ በድልድይ ስታልፉ ቁልቁል ካያችሁ፣ ይህችን ልጅ አስታውሱልኝ። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ወደ ላይ ወደ ግድቡ በኩል ጆሮዋን አቅንታ፣ ውሃው እስኪመጣ የምትጠብቀውን።