ሰልፍ እንዲቆም የታዘዘው ድርቆሽ

በጭቃው ላይ የታተመውን ሰፊ ክብ ምልክት ሻምበል መሸሻ በመጀመሪያ የውሃ በርሜል አሻራ መስሎት አልፎት ነበር። ዘመኑን በወንጀል ምርመራ የፈጀ ሰው እንዲህ መሳሳቱን ኋላ ላይ ራሱም አልሸሸገም።

በቀራንዮ የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር ግቢ፣ ሾፌሩ ወንድይፍራው ከመንግሥት እርሻ ጭኖ ባመጣው ክብ የድርቆሽ ጥቅል ሥር ተጨፍልቆ ሞቶ ተገኝቷል።

«ከክምሩ ተንከባልሎ ነው የገደለው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር መኳንንት፣ ከበሩ ውጭ እንደ ቆመ። «ታኮውን ያነሳችው ይቺ ሴትዮ ናት፤ አሻጥረኛ። እኔ ትናንት ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ይህን በር አልረገጥኩም።»

በአሻጥር የተወነጀለ ሰው በዚያ የአብዮት ዘመን ከተወሰደበት መመለሱ የዕድል ጉዳይ ነበር። የማኅበሩ መኖ ገዢ ሃጂራ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ውሰደኝ። የሻገተ ድርቆሽ ግን ለላሞቹ አላበላም። ሪፖርትህ እንዲደርስልህ ሳይደርቅ ያስጠቀለልከው አንተ ነህ። ወንድይፍራው ይህንኑ ዛሬ ከበላይ ለሚመጡት ጎብኚዎች ሊናገር ነበር። ይልቅ ቅመሰው ጓድ ሊቀመንበር፤ አንተ መቼም የማትቀምሰው የለም።»

ሻምበሉ ወደ ክምሩ ሄደ። ታኮዎቹ ከነድንጋያቸው በቦታቸው ነበሩ። ወደ ጫኙ ወደ ከሊፋ ዞረ።

«አንተ የት አደርክ?»

«የፈነዳ ጎማ ይዤ ጦር ኃይሎች፣ ጎሚስታው ቤት። ይጠየቅ።»

«ጥቅሉን በጠፍጣፋ ጎኑ ታቆሙታላችሁ?»

«ምን በወጣን፣ ጌታዬ። የተኛው በእጅ ግፊት ይሄዳል፤ የቆመው ወገብ ይሰብራል። ትናንት ግን ሊቀመንበሩ ለጎብኚዎቹ እንደ ሰልፈኛ ቆመው ይደርደሩ አለን። እምቢ ብዬ ሄድኩ። ወንድይፍራው ቀረ፤ ልጆች አሉት።»

ሻምበሉ ያን ጊዜ ወደ ክቡ ምልክት ተመለሰና አጎንብሶ ቆየ። ከዚያም ሁሉንም ወደዚያ ጠራ። መኳንንት ጥቂት አንገራግሮ ጭቃውን እየረገጠ ገባ።

«ተንከባልሎ ቢሆን ኖሮ» አለ ሻምበሉ፣ «ዙሪያው በሙሉ ጭቃ በለበሰ ነበር። አሁን ከተኛበት ጎን ሌላ ጭቃ የነካው ግን አንድ ጠፍጣፋ ገጹ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚህ ክብ ጋር ልክ ይገጥማል። ስለዚህ እዚህ ቆሞ ነበር፤ የወደቀውም ተገፍቶ ነው። ከዝናቡ በኋላ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው አቁመውታል። አንዱ ኮንጎ የተጫማው ሟች ነው። ሁለተኛው ቦት ጫማ አድርጓል፤ የግራ ተረከዙ ተሸርፏል። ኮንጎው በወዲያኛው በኩል ዞሮ ሲቆም፣ ቦቱ በወዲህኛው ቀርቶ ጣቶቹን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ገፍቷል።»

«የሃጂራ አይሆንም?» አለ መኳንንት።

«የእሷ ነጠላ ጫማ ነው፤ የትናንት ዱካዋም ከበረቱ አላለፈም።»

«ቦት ጫማ በከተማው ሞልቷል።»

«ሞልቷል። ይህን ግቢ ከዝናቡ ወዲህ አልረገጥኩም ያለው ግን አንተ ነህ። አሁን ከበሩ እስከዚህ የመጣህበትን ዱካ ተመልከት።»

ሁሉም ዞረው ተመለከቱ። በትኩሱ ዱካ ላይ የግራ ተረከዙ ተሸርፎ ይታያል፤ ከክቡ አጠገብ ካለው አሮጌው ጋር አንድ ነው።

መኳንንት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። በምስክር ፊት የምናገረውም ለዚህ ነው።»

«ነገ በቦታህ አትገኝም።»

«ዛሬ ግን አለሁ።»

የጎብኚዎቹ መኪኖች በር ላይ ሲደርሱ፣ ሻምበል መሸሻ ሊቀመንበሩን በካቴና አስሮ በመካከላቸው አሳልፎ ወደ ጣቢያ ወሰደው።