ድንጋዩ ያልበቃቸው

«ከእነዚህ መካከል የሮቢት ሰው አለበት?» ሲል ታረቀኝ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች እያሳየ ጠየቀ።

በምስጢር ምልክታቸው መሠረት መልሱ «ሁለት ወንድማማቾች» መሆን ነበረበት።

«ይቺን ድንጋይ ያመጣናት ከዞብል ተራራ ነው» አሉ አስጎብኚው ሽማግሌ አባ ታሂር፣ ጥያቄው ወደ ጆሯቸው እንዳልገባ ሁሉ። «በስምንት ግመል።»

ታረቀኝ ጥርሱን ነከሰ። ምልክቱን ሲሰጥ ይህ ሦስተኛው ነበር።

ከአዲስ አበባ በምስጢር የላኩት መምህራን «ማሽላ» ይሉታል። በቆቦ ግን እንግዶችን ተከትሎ የመጣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ኮት የለበሰ፣ ባለካርቦን መዝገብ ያቀፈ።

ጊዜው ጥቅምት 1966 ነው። የራያ ቆላ በረሃብ እያለቀ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አምስት እንግዶች የሚጎበኙት ግን የአርበኞችን መታሰቢያ ነበር። በእግር፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ አንድ መቶ አለቃ እያጀባቸው። ተመልሰው «ቆቦ ደህና ናት» እንዲሉ ነው ጉዳዩ። ከግንቡ ጀርባ ግን የረሃብተኛው መጠለያ አለ። እዚያ የሞተውን ሁሉ አባ ታሂር በስሙ መዝግበዋል። ታረቀኝ የመጣው ያንን ወረቀት ሊቀበል ነው። የእንግዶቹ ሾፌር አባይ፣ በምስጢር ስሙ «ጎማ»፣ ወረቀቱን ይዞት ሊወጣ ነበር።

ሽማግሌው አይቸኩሉም። ስለ ግመሎቹ አወሩ። ስለ ድንጋይ ጠራቢው አወሩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ታረቀኝ ትከሻቸውን ይዞ ሊንጣቸው ዳዳው።

አራተኛው ድንጋይ ጋ ተደናቀፉ። ደገፋቸው።

«አቃጥዬዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። ትናንት ቤቴ ተበረበረ። ሾፌርህ ሸጦናል።»

የስድስት ወር ልፋት አመድ ሆነ ማለት ነው።

መቶ አለቃው ከኋላቸው ደረሰ። «ምን ያንሾካሹካችኋል?»

«ውሃ ጠየቀኝ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው አላመነም። የሽማግሌውን ጥምጣም አስፈታ፤ ኪሳቸውን አስገለበጠ። ከሙስባሃ መቁጠሪያቸው በቀር ምንም አልተገኘም። ወደ አባይ አየ። አባይ መሬት መሬት ያያል።

የመጨረሻው ድንጋይ ጋ አባ ታሂር በትራቸውን አነሱ።

«አሁን ደግሞ ድንጋዩ ያልበቃቸውን ልጥራ። ጸሐፊው ይመዝግብልኝ።»

«ይመዝገብ» አለ መቶ አለቃው ተሰላችቶ። «ቶሎ በል ብቻ።»

«አህመድ ይማም፣ ከጎብዬ። ሙሄ አባተ፣ ከሮቢት። እንድሪስ ከነወንድሙ፣ ከዋጃ።»

አምስተኛው ስም ላይ ታረቀኝ ገባው።

እነዚህ አርበኞች አይደሉም።

ገጹ ሲሞላ ለመግለጥ መስሎ ከካርቦኑ ሥር ያለውን ቅጂ ቀደደ፤ ወደ እጅጌው ሰደደ። ሁለተኛ ገጽ። ሦስተኛ።

«ሀሊሜ ሰይድ፣ ከነልጇ።»

«ሴትም ዘምታለች?» አለ መቶ አለቃው።

«ስንቅ ይዛ ነበር ጌታዬ። ስንቋ አልቆ ነው የሞተችው።»

ከእንግዶቹ አንዷ ቀና አለች።

«የሻረግ ታደሰ፣ ከዋጃ።»

«መቼ?»

ሁሉም ዞረ። አባይ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል።

«የሻረግ እህቴ ናት! ሰኔ ላይ ደህና ነበረች እኮ!»

መቶ አለቃው ሽማግሌውን አየ። መዝገቡን አየ። ከዚያ ዘሎ መዝገቡን ከታረቀኝ እጅ ነጠቀ።

ሁለት ወታደሮች አባ ታሂርን አፈፍ አደረጉ። ሽማግሌው አልተሟገቱም፤ እየተጎተቱ ስም መጥራታቸውን ቀጠሉ። ሌላ ስም። ሌላ። አሁን ግን የሚጽፍ አልነበረም።

«ታውቀዋለህ?» አለ መቶ አለቃው።

«አላውቀውም» አለ ታረቀኝ። ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው። «ይመዝገብ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እንግዶቹም ሰምተዋል።»

መቶ አለቃው ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ተቀባዩን እጅ ከፍንጅ አሳይሃለሁ ብለኸኝ ነበር። ይሄ ነው?»

አባይ አፈር ላይ ተቀምጧል። ታረቀኝን ትክ ብሎ አየው።

አንድ ቃል ይበቃል።

«አይደለም» አለ አባይ። «ተቀባዩ ሳይመጣ ቀርቷል።»

ታረቀኝ እስከ ሮቢት በእግሩ ሄደ። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈረ። እጅጌው ውስጥ አርባ አንድ ስም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት መምህር ቆጠሩት። «ቀሪውስ? ከሺህ በላይ ነው ተብሎ አልነበር?»

«ቀሪው በሽማግሌው ራስ ውስጥ ነው።»

«እሳቸውስ?»

«አላውቅም!» ብሎ ጮኸ ታረቀኝ። በር ከፍቶ ወጣ።

አርባ አንዱ ስም ተባዝቶ በአንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ። «ረሃብ የለም» ያሉ ሰዎች ያን ሳምንት ዝም አሉ። አባ ታሂር የት እንደተወሰዱ ግን ለታረቀኝ የሚነግረው ሰው አልተገኘም።

በኅዳር ወር ታረቀኝ አሰላ ውስጥ በሌላ ስም የሒሳብ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ዝምተኛ ነው። ስሙን ሲጠይቁት ጥቂት አስቦ ነው የሚመልሰው።