ከማኅተሙ በፊት

«መታወቂያዎን ማየት እችላለሁ?» አለች አይናለም በእንግሊዝኛ፣ የበሩን ሰንሰለት ሳትፈታ።

ደጅ የቆሙት ነጭ ሽማግሌ ሊፍቱ ስለተበላሸ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ያለከልካሉ። ጃንጥላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሳይቆጡ ካርዳቸውን በክፍተቱ አቀበሏት። ሚስተር ፓልመር፣ ኖተሪ ይላል። ፎቶውን ከፊታቸው ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየችው። ካርድ ማንም ማሠራት ይችላል ብላ አሰበች። ከውስጥ እናቷ ሮማንወርቅ «ኧረ አታሳፍሪኝ፣ አስገቢያቸው» ስትል ነው ሰንሰለቱን የፈታችው።

ኖተሪ ማለት እንግዲህ፣ ሰው ፊቱ ሲፈርም አይቶ «ፈራሚዋ እሷው ናት፣ የምትፈርመውንም አውቃለች» ብሎ ማኅተሙን የሚያሳርፍ የሕግ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ነው ወደ ቢሮው የሚሄደው። ሮማንወርቅ ግን በጥር ከአውቶቡስ ስትወርድ በረዶ አዳልጧት እግሯ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ኖተሪ ተፈለገላት። የፈለጉላት የቤተሰቡ ወዳጅ ጋሼ ዘርይሁን ናቸው። ወረቀቱን በእንግሊዝኛ በታይፕ የመቱትም እሳቸው። ነገሩ ውክልና ነው፤ ከአባቷ የወረሰችውን የጉለሌ ቤት፣ ጋሼ ዘርይሁን በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ሲሄዱ እንዲያከራዩላት። የተባለው እንዲህ ነበር።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን አይናለም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አግኝታ አነበበችው። ማከራየት ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ መሸጥ ይላል፤ የሽያጩን ገንዘብ መቀበልም። ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ ጋሼ ዘርይሁን ከኩሽና ብቅ ብለው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱት። ብትጠይቃቸው ሳቁ። የሕግ ወረቀት ሁሉንም ይዘረዝራል፣ አንዷ ቃል ብትጎድል ወረቀቱን የሚያጸድቀው ኤምባሲ ይመልሰዋል አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለእናቷ ሲያነቡላት ለምን ግማሹ ላይ አቆሙ? ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገራቸው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው፣ «ቶሎ ይለቅ» ማለታቸው፣ ይሄን ኖተሪ ማምጣታቸው ሳይቀር።

ለእናቷ ልትነግራት ጀምራ ነበር። «እማዬ፣ የጋሼ ዘርይሁን ወረቀት እኮ…» ከማለቷ ሮማንወርቅ አቋረጠቻት። ደርግ በወደቀ ዓመት ሂትሮው አየር ማረፊያ ማን ነው የተቀበለን? ትምህርት ቤት ያስገባሽ ማን ነው? ያጎረሰሽን እጅ ልትነክሺ ነው? አይናለም ሳትነግራት ቀረች።

አሁን ሚስተር ፓልመር ከቦርሳቸው ከባድ የብረት ማኅተም አውጥተው የአልጋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት ጋሼ ዘርይሁንን አይተው፣ ወኪሉ እርስዎ ከሆኑ ውጭ ይጠብቁን አሏቸው።

ጋሼ ዘርይሁን የማስተረጉምላት እኔ ነኝ ብለው ተከራከሩ። ለዚያ ነው እኮ የሚወጡት አሉ ሽማግሌው። ጋሼ ዘርይሁን ፈገግ እንዳሉ ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ በአማርኛ «ሮማን፣ የስ በይ ብቻ። ካመነታሽ ጥሎን ነው የሚሄደው» አሉ።

ምክሩ አዲስ አልነበረም። አርችዌይ ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ እንዲህ ይመካከራል። ለመኖሪያ ፈቃድ ሆም ኦፊስ፣ ለቤት ካውንስል፣ ሆስፒታል፣ የትም ይሁን፣ አልገባኝም ያለ ሰው ሌላ ቀን ተመለስ ይባላል፤ የስ ያለ ግን ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ሮማንወርቅ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህች አንዲት ቃል ኖራለች።

ሚስተር ፓልመር ቀስ ብለው ጠየቋት። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የስ። ቤትዎን መሸጥ እንደሚያስችላቸው ያውቃሉ? የስ፣ ታንክ ዩ። ያስገደደዎት ሰው አለ? የስ።

መጨረሻዋ «የስ» ላይ የሽማግሌው እጅ ቆመ። ብዕራቸውን እንደያዙ ወደ አይናለም ዞሩ።

«ያልኩት ለእናትሽ ገብቷታል?»

በበሩ መስታወት የጋሼ ዘርይሁን ጥላ ይታያል። የለም ብትል እናቷን በባዕድ ሰው ፊት ማዋረዷ ነው። ጋሼ ዘርይሁን ንጹሕ ከሆኑ ደግሞ ስማቸውን አጠፋች፤ እሑድ ቤተክርስቲያን ወሬው ይደርሳል። አዎ ብትል ሁሉም ነገር በሰላም ያልፋል። የአያቷ ቤትም ምናልባት አብሮ ያልፋል።

«አይ ዶንት ቲንክ ሶ» አለች፤ የገባት አይመስለኝም ማለቷ ነው።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ወረቀቱ ይሽጠው ይላል። ማከራየት ብቻ አይደለም።»

ሮማንወርቅ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። «ዘርይሁን ኪራይ ነው ያለኝ።»

«አውቃለሁ። ምናልባት ልክ ናቸው። ጠይቄያቸው፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለውኛል። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ትናንት ልትነግሪኝ የነበረው ይሄን ነው?»

አይናለም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

በሩ ተንኳኳ። «አለቀ?» አሉ ጋሼ ዘርይሁን።

ሮማንወርቅ በሩን አየች፣ ልጇን አየች። «ምን ልበለው አሁን?» አለች በሹክሹክታ። አይናለም እናቷን እንዲህ ፈርታ አይታት አታውቅም።

«ጋሼ ዘርይሁን፣ ትንሽ ይጠብቁን» አለች አይናለም። ድምፅዋ በሩ ጋ ደረሰ። ጥላው ግን ከመስታወቱ አልተነሣም።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ወረቀቱን በእናቷ ጉልበት ላይ ዘርግታ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችና፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ ያንኑ በአማርኛ እያለች ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ የማታውቀው ቃል ገጠማት። ልትዘለው ትችል ነበር። ቀና ብላ ሚስተር ፓልመርን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።