ከመስኮቱ የተነሳው ቱቦ

«ከመስኮቱ ላይ አንዱ ሰንስክሪን የት ሄደ?»

ሚጢ የሻምፖ ካርቶን እየፈታች ነበር። አክስቷ የመዋቢያ ሱቋን መስኮት እያየች ነው የጠየቀቻት። ከተደረደሩት ቢጫ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቱቦዎች መሃል አንዱ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ሆኗል።

«ሸጥኩት፣ እትዬ። መደርደሪያው ላይ አጣሁና ከዚያ አነሳሁ።»

አክስቷ ዞር አለች። «ሚጢ! የመስኮቱ እኮ ለማሳያ ነው! ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመቱ። ራሱን ፀሐይ ሲጠብሰው የከረመ ቅባት እንዴት አድርጎ ሰው ከፀሐይ ያድናል?»

ሚጢ ከመስኮቱ አንዱን ቱቦ አንስታ ገለበጠችው። ቀኑ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስትሸጠው ግን ልብ አላለችውም። በአንድ እጇ ከጓደኞቿ ጋር እየተጻጻፈች፣ በሌላው ነበር በፌስታል አድርጋ የሰጠችው።

«ለማን ሸጥሽው?»

ሚጢ ቱቦውን መልሳ አስቀመጠች። የገዛው አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አብራው የመጣችው ልጁ ደግሞ የክፍሏ ተማሪ ናት። ልጅቷ ከአልቢኒዝም ጋር ስለተወለደች ቆዳዋ ፀሐይን የሚመክት ቀለም የለውም። በዚህ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታቸው ስትመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ሰፊ ባርኔጣዋን እየነካካች፣ «እናንተ ስም ሳታወጡልኝ ልቅደማችሁ፤ ኮፍያ በሉኝ» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገድላዋለች። ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ሆና ቀረች።

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኮፍያ ከቤተ መጻሕፍት አትወጣም። ነገ ቅዳሜ ግን የትምህርት ቤቱ ሩጫ ውድድር ነው፤ መምህሩ ሰዓት ያዥ አድርጓታል። አባቷ እሺ እስኪላት ሦስት ሳምንት ለምናዋለች። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ለመድኃኒት የሚሆን ጥላ የለም።

ሚጢ ይህን ስትነግራት አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንሽ አሰበችና ከጓዳ አዲስ የገባ ቱቦ አመጣች።

«ነገ በጠዋት ይሄንን ስጫት። ለደንበኞች የተዘጋጀ ስጦታ ነው በያት። ስለ ቀኑ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። የሱቅ ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚጢ ሜዳው ስትደርስ፣ ኮፍያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል በረንዳ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ባርኔጣ፤ ሁሉም በቦታው ነው።

«እንኪ» አለች ሚጢ። «ከሱቃችን ስጦታ ነው። ለ... ለጥሩ ደንበኞች።» ድምጿ ለራሷም የሬዲዮ ማስታወቂያ መሰላት።

«አንድ ቱቦ ገዝቼ ጥሩ ደንበኛ ሆንኩ? አክስትሽ ይባረኩ!» ኮፍያ አዲሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የትናንቱን አወጣች። «እንግዲያው ዛሬ ይሄንን ልጀምር፤ አዲሱ ይቀመጥልኝ።»

ሚጢ ይህ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር። «አዲሱን ተቀቢ። እሱ ይሻላል።»

«ምኑ ይሻላል? ያው አንድ ዓይነት አይደል?» ኮፍያ ቱቦውን ስትጫነው መጀመሪያ ቢጫ ውሃ ወጣ፤ ከኋላው የረጋ ወተት የመሰለ ነገር ተከተለ። «ወይኔ፣ ሳልንጠው ነው» አለችና ክዳኑን ገጥማ ትንጠው ጀመር።

ሚጢ እጇን ያዘቻት። «እንዳትቀቢው! ቀኑ ያለፈበት ነው። ስልኬ ላይ ተጥጄ ሳላየው ነው የሸጥኩላችሁ። ስጦታ ያልኩሽም ውሸቴን ነው።»

ኮፍያ መናጧን አቆመች። ጣቷን በሶፍት ቀስ ብላ ጠረገች።

«አምና አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንገቴ ተላጠ» አለች። «ሳምንት ሙሉ በሆዴ ነው የተኛሁት። ሳትነግሪኝ ልትቀሪ ነበር?»

«ልቀር ነበር» አለች ሚጢ። ፊቷ በእፍረት ነደደ።

ኮፍያ አዲሱን ቱቦ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። «ቀኑን አንብቢልኝ። ዓይኔ እንዲህ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ አይለይልኝም።»

ሚጢ ወሩን አነበበች። ዓመቱን አነበበች። ከሥሩ ያለውን የምርት ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች።

«ቁጥሩን ደግሞ ልደውልበት ነው?» ኮፍያ ሳቋ አመለጣት። «ነይ፣ ከጆሮዬ ኋላ አዳርሺልኝ። ደግሞ አትቆጥቢ፤ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ነው የሚባለው።»

ሚጢ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን፣ የእጆቿን ጀርባ ቀባቻት።

«እንዴት ነኝ?»

«ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስለሻል።»

«ሙድ አትያዢብኝ! በይ አንቺም ተቀቢ።»

«እኔ ጥቁር ነኝ፤ ምን ያደርግልኛል?»

«ፀሐይ አንቺን እየዘለለች ነው የምትሄደው ያለሽ ማን ነው? ያንቺ ዘግይቶ ይሆናል እንጂ አይቀርልሽም። ሳይቃጠል በቅጠል!» ብላ አፍንጫዋ ላይ አንድ ነጥብ ለጠፈችባት።

ውድድሩ ሲጀመር ኮፍያ በጃንጥላ ሥር ቆመች። ሯጮች መስመሩን ባለፉ ቁጥር የሩጫ ሰዓቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታነብና በቀጭን ድምጿ ሜዳውን ታናጋዋለች። አንድ ከፍተኛ ክፍል ተማሪ «ከዚህ ባነሰ ሰዓት ነው የገባሁት!» ብሎ ሊሟገታት ሞከረ። «ወንድሜ፣ የሮጥከው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አደረግኩህ?» ስትለው መምህሩ ሳይቀር ሳቀ።

ኮፍያ ከተቀባች ሁለት ሰዓት ሲሞላት፣ ሚጢ ድጋሚ ልትቀባት ቱቦውን ይዛ ተነሳች።

«ወዴት ነው? ነርስ ሆንሽ እንዴ?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ጓደኞቿ።

«አታካብዱ፣ መጣሁ» ብላ ወደ መስመሩ ሮጠች። ከሌላ ሁለት ሰዓት በኋላም እንደዚያው አደረገች። ውድድሩ ሲያልቅ ኮፍያ ኮሌታዋን ዝቅ አድርጋ አሳየቻት፤ አንገቷ ላይ አንዲት ቀይ ምልክት የለችም።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስትገባ አክስቷ ጥፍር ቀለሞችን እየደረደረች ነበር። «እህሳ? እንዳልኩሽ አልሻት?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«መጀመሪያ እንዳልሽኝ አልኳት» አለች ሚጢ። «አሮጌውን ልትቀባ ስትል ግን እውነቱን ነገርኳት።»

የአክስቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። አልተቆጣችም፤ የደከማት መሰለች እንጂ። «እኔስ ለምን መስኮት ላይ አኖርኩት... አሁን አባቷ ቢመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ጥፍር ቀለሞቹን ደርድረው ሳይጨርሱ የኮፍያ አባት በሩ ላይ ቆመ። ከፊቱ ምንም አይነበብም። አክስቷ ሻሿን አስተካክላ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ሚጢ ከባንኮኒው ጀርባ ቀድማት ወጣች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። ይግቡ።» ወንበሩን ሳበችለት። «ትናንት የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ። ቁጭ ይበሉና ከመጀመሪያው ልንገርዎ።»