ፊታቸውን ወደ ምድር ያዞሩ ሙታን

የጌራም ምንጮች ደም ባፈለቁ ማግስት የከተማዋ ምሥራቃዊ ቅጥር ተናደና አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ቀበረ። ከምድር በታች የሚያገሳው ዙማር ነበር፤ አባቶች ገደልነው ብለው የፎከሩበት ዘንዶ። ንጉሥ ቀለምዛር በተሰነጠቀው አደባባይ ቆሞ ጥንታዊውን ትንቢት አስነበበ፦ «ዙማርን የጣለው መሣሪያ በተደፈነው የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው።» ካባው የቅጥሩ ድንጋይ የተፈለጠበት፣ ኋላም እስከ አፉ ድረስ አፈር የተሞላ ሰፊ ጉድጓድ ነው።

ንጉሡ ትብለጥን አስጠራ። ወጣቷ ትብለጥ ሙያዋ ምርመራ ነው፤ የጥንት ሰዎች የደፈኑትን አፈር በየድርቡ እየገለጠች ምን እንደ ሆነ ታነባለች። ከጎኗ ታላቅ ወንድሟ ዳምጤ ጦሩን ተደግፎ ቆሟል። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ አፈሩ ቀስ ተብሎ ነው የሚነበበው። ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ሕዝቤ በቁሙ እየተቀበረ ጊዜ ከየት ላምጣ? በዙፋኔ እምላለሁ፣ ባዶ እጅሽን ብትመለሺ አንገትሽን ከቅጥሩ ሥር እቀብረዋለሁ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ንጉሥን ግን ማን ደፍሮ ይተርትበታል?

ትብለጥን፣ ዳምጤንና ንጉሡ የሰጣቸውን ጦረኞች ወደ ካባው በሚወስደው ሸለቆ ቆርዳዎች ጠበቋቸው። ጥጃ የሚያካክሉ፣ ዓይን የሌላቸው የዙማር ልጆች ናቸው። የፊተኞቹን ጦረኞች ከነጋሻቸው ቆረጣጠሟቸው። ዳምጤ የአንዱን ጉሮሮ በጦር በስቶ፣ የሌላውን መንጋጋ በእጁ ገነጠለ። ከጦረኞቹ እኩሌታው እዚያው ወድቆ ቀረ፤ የተረፉት በወዳጆቻቸው ደም እንደ ተነከሩ ቁፋሮ ጀመሩ።

መጀመሪያ ቀይ ጭቃ፣ ከሥሩ አመድ፣ ከአመዱ ሥር አጽሞች ወጡ። ሁሉም በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ጀርባቸው ላይ ድንጋይ ተጭኗል፤ እጆቻቸው ወደ ወለሉ የተሰካ መሮ ጨብጠዋል።

በጌራም ሰው ሲሞት ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቀበራል። ተደፍቶ የሚቀበር ከሃዲ ብቻ ነው። ጦረኞቹ በአጽሞቹ ላይ ተፉ። ትብለጥም ከእነሱ አልተሻለችም።

«ከሃዲዎች ናቸው። አውጥታችሁ ጣሏቸው» አለች።

አጥንቱን እየጎተቱ፣ መሮውን እየነቀሉ ወረወሩ። አንዱ መሮ ከእግሯ ሥር ወደቀ። ስታነሳው ጫፉ ትኩስ ደም ያንጠባጥብ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ገባት።

«ተዉ! እነዚህ አልተቀበሩም። ዙማርን ተኝተውበት ነው የያዙት!»

የፈሩት ይደርሳል። ወለሉ ተነሥቶ የዙማር አንገት ሆነ። አንድ ጊዜ ሲነክስ ሦስት ሰው ከወገቡ በላይ ጠፋ፤ ጦሩ ሁሉ ቅርፊቱ ላይ ተሰባበረ። ዳምጤ የእህቱን እጅ ፈልቅቆ መሮውን ወሰደ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያስነቀልኩት። እኔ ልውረድ።»

«አንቺ ቀላል ነሽ፣ እታለም፤ ክብደትሽ አይይዘውም። እንደ ዕቃ አትጣይኝ ግን፤ እንደ ሰው ቅበሪኝ።»

ዘሎ ከዘንዶው ማጅራት ላይ ተደፋ። መሮውን በተነቀለበት አሮጌ ቁስል ውስጥ መልሶ እስከ እጀታው ሰካው። ዙማር ከግድግዳ ግድግዳ አላተመው፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ወደ ጉድጓዱ አፍ ለሸሹት ተሰማ፤ እጁ ግን አልለቀቀም። አውሬው እየደከመ ወደ ወለሉ ወረደ። ዳምጤ ፊቱን ሳያነሣ «ድፈኑ!» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። የቅርብ ዘመድ የመጀመሪያውን አፈር ሳይጥል ሌላው እንዳይጥል የጌራም ሕግ ነው። ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ትብለጥን ያያል። ወንድሟ ገና ይተነፍሳል። ጀርባው ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች።

ትብለጥ ቅርጫቷን ሞላች። እያለቀሰች ጣለችው። ከዚያ አፈሩ፣ ድንጋዩ፣ በክብር የተመለሱት አጽሞች ሁሉ ወረዱ፤ የምድሩም ግሣት ቀስ በቀስ ጠፋ።

ንጉሥ ቀለምዛር ፈረሱን እየጋለበ ሲደርስ ካባው ተደፍኗል።

«መሣሪያውስ የታለ?» አለ።

ትብለጥ ከአፈሩ ላይ አልተነሣችም።

«ወንድሜ ይዞታል» አለች።