ያልተነበበው መጨረሻ

ሽማግሌው ደራሲ በመጽሐፍ መደብሩ ደረጃ ሥር ሞቶ ሲገኝ ጎረቤቱ ሁሉ «ምስኪን፣ ዓይኑ ደክሞ ነበር እኮ፤ ደረጃውን ስቶት ነው» አለ። መርማሪዋ ግን የጎረቤት ወሬ የሚያሳምናት ሴት አልነበረችም። ልቦለድ ስታነብ እንኳ ከመጨረሻው ገጽ የምትጀምር፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሰው ናት።

ሟቹ በጀርባው ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ ቀርተዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የኮቱን ኪስ ዳሰሰች። መነጽሩ ታጥፎ በማስቀመጫው ውስጥ ነበር።

«ይህን ደረጃ ያለ መነጽር ይወርደዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ጋዜጠኛው። ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ሊወስድ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «ጋሼ ያለ መነጽር ከወንበሩም አይነሳ። የሚያወልቀው ታሪክ በቃሉ ሲነግረን ብቻ ነው። ‹ፊታችሁን ካየሁ እፈራለሁ› ይለን ነበር።»

ጋዜጠኛው የሰው ጽሑፍ በሰማ ቁጥር «ይቆረጥ!» ስለሚል ጓደኞቹ «መቀስ» ይሉታል። እሱ፣ ሟቹ፣ አንድ መሐንዲስና የመሐንዲሱ ሚስት ፋርማሲስቷ፣ አራቱ አጫጭር ልቦለድ ጸሐፊዎች በየቅዳሜው ከመደብሩ ፎቅ ላይ ተሰብስበው ይነባበባሉ፤ ስለ አጻጻፍም ሲከራከሩ ያመሻሉ። ያን ቀንም አንብበው ገና መበተናቸው ነበር።

መርማሪዋ ፎቁ ላይ ወንበር ስባ በመጀመሪያ መሐንዲሱን አስጠራች።

«ከዚህ ወጥተው የት ሄዱ?»

«ባለቤቴን መድኃኒት ቤቷ አድርሼ ወደ ቤቴ። ኢንስፔክተር፣ ጋሼ እኮ ምስጢረኛዬ ነበር። ከወጣትነቴ ጀምሮ የሆዴን የማጫውተው እሱን ነው።» ዓይኑ ደም መስሏል። ሐዘኑ የውሸት አልነበረም።

«ዛሬ ያነበበው ታሪክ እንዴት ነበር?»

መሐንዲሱ ስለ ድርሰት ሲጠየቅ ትንሽ ቀና አለ። «አጀማመሩ ግሩም ነው። ሁለት ወንድማማቾች የሞላ ወንዝ ይሻገራሉ። ውሃው አንዱን ሲወስደው ሌላው እጁን ያዝ ያደርገዋል። መጨረሻው ግን አልጣመኝም። ሰው የወንድሙን እጅ ዝም ብሎ አይለቅም። ለምን እንደለቀቀው ካልተነገረ አንባቢ አያምንም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቅንቃ አሰናበተችው። ነገሩ የደራሲዎች ወግ ነው ብላ ለጊዜው አለፈችው።

ፋርማሲስቷ መሐረቧን ጨብጣ ገባች።

«ታሪኩን መስማት አቃተኝ» አለች። «የመጀመሪያ ባሌን ወንዝ ነው የበላብኝ። የአሁኑ ባሌ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ሊያወጣው ሲታገል ለጥቂት ነው የተረፈው። ልጆቼን ከገዛ አባታቸው ሳያሳንስ አሳደገልኝ።»

«ታዲያ ሰውዬው ይህን እያወቀ ፊትሽ ያነበዋል?»

«እኔም ከፋኝ። ‹ልጄ፣ መጨረሻውን ስትሰሚ ትረጂኛለሽ› አለኝ።»

«እንዴ! መጨረሻውን አላነበበውም?»

«መቼ አንብቦ ያውቃል? ልማዱ ነው። አፋፍ ላይ አድርሶን ያቆማል፤ እኛ በየተራ እንገምታለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ መነጽሩን አውልቆ በቃሉ ይነግረናል። እስከዚያ ወረቀት ላይ እንኳ አያሰፍረውም።»

መርማሪዋ ብድግ አለች። «በይ ሁሉንም ጥሪልኝ!»

ሦስቱ በየወንበራቸው ተቀመጡ፤ የጋሼ ወንበር ባዶውን ቀረ። ፋርማሲስቷ ባሏን ለማጽናናት እጁን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ሟቹ የወደቀው ወደ ኋላ ነው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ጀርባውን ለደረጃው፣ ፊቱን ለዚህ ክፍል ሰጥቶ ሰው ያናግር ነበር። መነጽሩን አውልቋል፤ ስለዚህ ታሪክ እየነገረ ነበር። በቃሉ የሚነግረው ደግሞ መጨረሻውን ብቻ ነው። መቀስ፣ የእርስዎ ግምት ምን ነበር?»

«እዚያው ይቆረጥ ነው ያልኩት! መጨረሻ ምን ያደርግለታል?»

«አንቺስ?»

«ሁለቱም ይወጣሉ አልኩ።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱም እንደኔ፣ ሁለቱም ይወጣሉ ነው ያለው።»

መርማሪዋ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ታዲያ እጁን የለቀቀውን ወንድም ከየት አመጡት? ያን መጨረሻ የሰማው ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ እዚህ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰምተው ዝም አላሉም፤ ‹ለምን እንደለቀቀው ካልተነገረ አንባቢ አያምንም› ብለው ሂስ ሰጡበት! ደራሲ አይደሉ፣ አላስችል አለዎት።»

መሐንዲሱ አንዴ ሊስቅ፣ አንዴ ሊቆጣ ሞከረ። ሁለቱም አልሆነለትም።

«ከዳኝ!» አለ በመጨረሻ። «ለሱ ብቻ የነገርኩትን ምስጢር ታሪክ አደረገው። ሚስቴን አድርሼ ተመለስኩና እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። መነጽሩን አውልቆ መጨረሻውን ነገረኝና ‹ያለዚህ መጨረሻ ታሪኩ ይሞታል› አለኝ። ለታሪኩ አዘነ፣ ለኔ አላዘነም። በገዛ ቤቴ ጉድ ሊያፈላ! ገፋሁት።»

መቀስ ወንበሩን ከመሐንዲሱ አራቀ።

ፋርማሲስቷ የባሏን እጅ እንደያዘች ነበር። የማታውቀው ዕቃ ድንገት እጇ ላይ የተገኘ ይመስል ቁልቁል አየችው።

«ለምን እንደለቀቀው ካልተነገረ አንባቢ አያምንም ብለሃል አሉ» አለችው። «በል ንገረኛ። እኔም እንዳምን።»

መሐንዲሱ ቀና ብሎ እሷን ብቻ አያት፤ አስተያየቱ ለሚስት የሚበቃ መልስ ነበር።

«እኔን ብለህ?» አለች። «እኔን ብለህ! እኔ ደግሞ እግዜር በወንድሙ ካሰኝ ስል ኖርኩ። ልጆቼን አቅፈህ ያስተኛሃቸው በዚህ እጅ ነው?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታችና እጁን ጭኑ ላይ መልሳ አኖረችለት።

«ውሰጂልኝ፣ እህቴ» አለች ለመርማሪዋ። «ልጆቹ ሰምተው ከመምጣታቸው በፊት።»